«ለጽድቅ ብዬ ባዝላት»፦ የደግነት ሒሳብ ለማን ይላካል?

«ለጽድቅ ብዬ ባዝላት ተንጠልጥላ ቀረች» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። የምንተርተው ደግነታችን ሸክም ሲሆንብን ነው። ለሳምንት ብለን ያስጠጋነው እንግዳ ዓመት ሲቀመጥ፣ አንዴ ያበደርነው ሰው በየወሩ በር ሲያንኳኳ። ተረቱን ግን ቀስ ብላችሁ ስሙት። ተናጋሪው «ለጽድቅ ብዬ» ብሎ ይጀምራል። ጽድቅ የሚገኘው በመሸከም ከሆነ፣ ሴትዮዋ ሳትወርድ በቆየች ቁጥር ጽድቁ መጨመር ነበረበት። እሱ ግን ያማርራል። ከጽድቁ ሌላ የጠበቀው ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ በጊዜ እንድትወርድለት፣ ስትወርድም «እግዜር ይስጥልኝ» እንድትለው።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ምላሽ እየጠበቁ ደግ መሆን ደግነት ነው ወይስ ንግድ?» በሚል ነው። እንዲህ ሲነሳ ወደ ክርክር እንጂ ወደ መልስ አይወስድም፤ ምንም የማይጠብቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነውና። እኔን የበለጠ የረዳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የጠበቅነውን ነገር ከማን ነው የጠበቅነው? ሒሳቡ የሚላከው ለማን ነው?

የምንጠብቀው ከአራት ቦታ በአንዱ ይመጣል። አንዱ ራሱ የተቀበለው ሰው ነው፤ ይህ ውለታ ይባላል። ሌላው አይቶን የሚያወራልን ሰው ነው፤ ይህ ስም ነው። ሦስተኛው የራሳችን ልብ ነው፣ ሰጥተን ስንሄድ ቀለል የሚለን ነገር። አራተኛው ፈጣሪ ነው፤ ክርስቲያኑ ዋጋ፣ ሙስሊሙ አጅር ይለዋል። ደግነት የሚበላሸው ተስፋ ስላለበት ብቻ አይመስለኝም። ለአንዱ የተጻፈው ሒሳብ ሌላው ቤት ሲደርስ ነው የሚበላሸው። ለእግዚአብሔር አበደርኩ ብሎ ሰጥቶ፣ ብድሩን ከጎረቤቱ ልጅ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

«ይስጥልኝ» የሚለው ቃል የሚሠራው ሥራ

አማርኛ ይህ ነገር ድሮ ገብቶታል። «አመሰግናለሁ» ጥሩ ቃል ነው፤ አንጀት የሚያርሰው ምስጋናችን ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው። ቃሉን ብትፈቱት የክፍያ ትእዛዝ ይመስላል። እኔ መክፈል ስለማልችል፣ ስለ እኔ ሆኖ እግዚአብሔር ይስጥህ ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «-ልኝ» ሥራውን ሁሉ ትሠራለች። ተቀባዩ ዕዳ እንዳለበት አይክድም፤ ዕዳውን ግን ለሚችለው ያስተላልፋል። ሰጪው «አብሮ ይስጠን» ብሎ ሲመልስ መተላለፉን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ከሰውዬው የሚፈልገው የለም፤ እንዲያውም ራሱን ከእሱ ጎን አሰልፎ እጁን ዘረጋ።

«ብድር መላሽ ያድርገኝ» ግን ሌላ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሒሳቡን እኔው እይዘዋለሁ እያለ ነው። ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለባልንጀራ የሚባል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠ የኔ ቢጤ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ ምስጋናዎች ሁለት ዓይነት መስጠትን ይለያሉ፤ አንዱ ሒሳቡ የተላለፈ፣ አንዱ ሒሳቡ በሁለት ሰዎች መካከል ክፍት ሆኖ የቆየ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ሽማግሌ ዳቦ ሰጠሁ። ተቀበሉኝና ዝም አሉ። ቀና ብለውም አላዩኝም። ቆሜ ቀረሁ። ምን እየጠበቅሁ እንደነበር የገባኝ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ ምርቃቴን። «ከክፉ ይሰውርህ፣ ወጥተህ ግባ» እስኪሉኝ ነበር የቆምኩት። ሳይሉኝ ሲቀሩ፣ ማፈር የነበረብኝ ሰውዬ የተሰረቅሁ ያህል ተናደድኩ። ዳቦውን በነጻ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በምርቃት እየሸጥኩት ኖሯል።

ይህን ስል ምርቃትን ለማቃለል አይደለም። ለማኝ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምርቃት ይዞ ነው የሚመጣው። ላሊበላዎችን አስቡ። ገና ሳይነጋ በር ላይ ቆመው ያዜማሉ። የሰጠው ሰው ይመረቃል፣ በግጥም ይወደሳል፤ ያልሰጠው ደግሞ አጥንት የሚነካ ስንኝ ይደርሰዋል። ይህ በግልጽ የሚካሄድ ልውውጥ ነው፤ ማንም ማንንም አላታለለም። እኔ የተታለልኩት በራሴ ነው።

መጻሕፍቱ ምን ይላሉ?

ሃይማኖት «ምንም ሳትጠብቅ ስጥ» ይላል ብለን እናስባለን። ጠጋ ብለን ስናነብ ግን የሚለው ትንሽ የተለየ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ካለ በኋላ ወዲያው «በስውር የሚያይ አባትህም በግልጥ ይከፍልሃል» ይላል። ይከፍልሃል! ክፍያው አልተሰረዘም፤ ከፋዩ ነው የተቀየረው። በመንገድ ላይ መለከት እያስነፉ ስለሚሰጡት ደግሞ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ይላል። እኔ ይህችን ቃል የማነብባት እንደ ደረሰኝ ነው። የፈለጉት ስም ነበር፣ ስሙን አገኙ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 19 ላይ ለድሃ የሚራራ ለእግዚአብሔር ያበድራል የሚለውም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

ቁርኣን ላይም ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ76ኛው ምዕራፍ ድሃን፣ የቲምንና ምርኮኛን የሚያበሉ ሰዎች «የምናበላችሁ ለአላህ ብለን ነው፤ ከእናንተ ዋጋም ምስጋናም አንፈልግም» ይላሉ። «ከእናንተ» የምትለዋ ቃል ቁልፍ ናት። ከዚያ በታች ያሉት አንቀጾች የእነዚያን ሰዎች የጀነት ምንዳ በዝርዝር ይተርካሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሶደቃችሁን በመመጻደቅና በማስከፋት አታበላሹ ይላል። ሰጥቶ መልሶ መልሶ ማስታወስ፣ «እኔ ባልኖር» ማለት፣ የሰጡትን ራሱን ያጠፋዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ሒሳቡን ከድሃው ትከሻ ያነሳሉ። ድሃው ሊከፍል አይችልም። ሒሳቡ እሱ ላይ ከቀረ የሚከፍለው በክብሩ ነው፤ በመሽቆጥቆጥ፣ በመላላክ፣ አንገት በመድፋት።

ነገሩን ጫፍ ላይ የሚያደርሰው የበላዔ ሰብ ታሪክ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ብዙዎቻችን የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል ሰምተነዋል። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በውሃ ጥም የተቃጠለ አንድ ድውይ ያገኛል። በእግዚአብሔር ስም ሲለምነው አልሰጠውም። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ቆም አለ፤ እሷ እንደምታማልድና እንደምታድን ሰምቶ ያውቅ ነበርና። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያቺ ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ 78ቱን ነፍስ መዘነች። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ውሃውን ሲሰጥ ተስፋ ነበረው፤ ለመዳን ብሎ ነው የሰጠው። ታሪኩን የጻፉት አባቶች ይህን አልደበቁትም፤ እንዲያውም ትርክቱ የታጠፈው እዚያ ላይ ነው። ይህን ሰው «ንጹሕ ሐሳብ ሳይኖርህ አትስጥ» ብንለው ኖሮ ድውዩ በጥም ይሞት ነበር።

ተስፋ ሰውን ከቤቱ ሊያስወጣው ይችላል፤ መንገድ ላይ የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት ለመሳለም ነበር፤ እንደማንኛውም ተሳላሚ በረከት ፈልገው። ወሎ በድርቅ ተመትታ ነበር። መንገድ ዳር የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ያችን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳራቸውም በዚሁ ምክንያት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያሳደገውን ድርጅት፣ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አገር ያወቀው ነው። በረከት ፍለጋ ባይወጡ ኖሮ ያቺን ሕፃን አያዩዋትም ነበር። ሕፃኗን ሲያነሱ ግን ስለ በረከት ያሰቡ አይመስለኝም።

ልብ ውስጥ ያለውን ማን ይለካል?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ሰው ሁሉ የሚሠራው ለራሱ ነው በሚል ይታወቃል። ወዳጁ ጆን ኦብሪ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ሆብስ ለንደን ውስጥ ለአንድ ደካማ ሽማግሌ ሲመጸውት ያየው ቄስ፣ ክርስቶስ ስጡ ብሎ ባያዝዝ ኖሮ ትሰጠው ነበር ወይ ይለዋል። ሆብስም «የሽማግሌውን ችግር ሳይ እኔም ታምሜ ነበር፤ እሱን ሲያቀልለው እኔንም አቀለለኝ» አለ። ማለትም ሦስተኛውን ሒሳብ ነው የጠቀሰው፤ ለራስ ልብ የሚላከውን።

ይህ አባባል ለመርታት ያስቸግራል። ለማንኛውም ደግ ሥራ «ለራስህ ደስ እንዲልህ ነው» ማለት ይቻላላ። ሆኖም በ1981 እ.ኤ.አ. የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ባትሰንና ባልደረቦቹ ብልሃት አገኙለት። ሰው የሚረዳው የራሱን ጭንቀት ለማስታገስ ከሆነ፣ ፊቱን አዙሮ መሄድ ሲፈቀድለት ይሄዳል፤ ከዓይን ሲርቅ ጭንቀቱም ይርቃልና። ስለዚህ 44 ሴት ተማሪዎችን አንዲት ልጅ በኤሌክትሪክ ንዝረት ስትሠቃይ በቴሌቪዥን እንዲያዩ አደረጓቸው። ልጅቷ ተዋናይ ነበረች፣ ተማሪዎቹ ግን አላወቁም። የሚፈልጉ ቦታዋን ወስደው በእሷ ፋንታ መነዘር ይችላሉ ተባለ። ለግማሾቹ ጥቂት ካያችሁ በኋላ መሄድ ትችላላችሁ ተባለ፤ ለሌሎቹ እስከ መጨረሻው ታያላችሁ ተባለ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩበት፤ ለከፊሎቹ ልጅቷ በጠባይዋና በምርጫዋ እንደ እነሱ እንደሆነች፣ ለከፊሎቹ እንደማትመስላቸው ተነገራቸው።

መሄድ ከተፈቀደላቸው መካከል፣ ልጅቷ አትመስላችሁም የተባሉት አብዛኞቹ ሄዱ፤ ቦታዋን ልውሰድ ያሉት 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትመስላችኋለች የተባሉት ግን መሄድ እየቻሉ 91 በመቶው ለመነዘር ቆሙ። የሆብስ መልስ ብቻውን ይህን አያስረዳም። እነዚያ ልጆች የራሳቸውን ጭንቀት ለማስታገስ ብቻ ቢሆን ርካሹ መንገድ በሩ ነበር።

ክርክሩ በዚህ አላለቀም። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ሌላው ሰው የራሳችን አካል መስሎ ሲሰማን እሱን መርዳት ራስን መርዳት ይሆናል፣ ስለዚህ «ለሌላ ብሎ» የሚባል ነገር የለም ሲል ተከራከረ። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ለለማኝ የሰጠነው ስም ነው፤ የኔ ቢጤ። እኔን የሚመስል፣ የእኔው ዓይነት። አያቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ የደረሱበት ይመስለኛል። እሱ ከእኔ ሲለይ መስጠት ኪሳራ ይሆናል፤ ቢጤዬ ሲሆን ግን «ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይደበዝዛል።

ለራስ ብሎ መስጠት የሚያመጣው አንድ አስቂኝ ችግርም አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1957 ከዊስኮንሲን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመረቁ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በጥናት ሲከታተሏቸው ኖረዋል። ካረጁ በኋላ በጎ ፈቃድ ሥራ ትሠራላችሁ ወይ፣ ከሠራችሁስ ለምን ተብለው ተጠየቁ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ለሌላው ብለው ከሚሠሩት መካከል የሞቱት ምንም ከማይሠሩት ያነሱ ነበሩ። ለራሳቸው ጥቅም፣ ለምሳሌ ከጭንቀት ለማምለጥ ወይም ስለ ራሳቸው ጥሩ እንዲሰማቸው ብለው የሚሠሩት ግን ምንም ካልሠሩት አልተሻሉም። ጥናቱ ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም። ግን ከደግነት የሚጠበቀው የራስ ጥቅም እንቅልፍን ይመስላል፤ አሁን መጣ አሁን መጣ ብለህ ስትጠብቀው ይሸሻል።

ምጽዋት የለበሰ ወንፈል

ምላሽ መጠበቅ ነውር የማይሆንበት ቦታም አለ፤ እንዲያውም ምላሽ ባይጠበቅ ነገሩ ይፈርሳል። ወንፈል እንዲህ ነው። ዛሬ እኔ ማሳህን አርሜልህ ዋልኩ፣ ነገ አንተ የእኔ ማሳ ላይ ትውላለህ፤ ቀን በቀን፣ ሰው በሰው። ደቦ ላላ ይላል፤ የጠራው ሰው ምግቡንና ጠላውን ያቀርባል፣ ቆጠራው ጥብቅ አይደለም። ዕድር ደግሞ በመዝገብ የተያዘ ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ማንም ዕድርተኛን «ለጥቅም ብለህ ነው የቀበርከኝ» ብሎ አይከሰውም (የተቀበረውም አይናገር)። ሁሉም የሚጠብቀውን ያውቃል።

ቁስሉ ያለው ወንፈሉ ምጽዋት ለብሶ ሲመጣ ነው። ለአብዛኞቻችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ነው። ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ወንድም ለዓመታት ይልካሉ። ሲልኩ «ምንም አልፈልግም፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ» ይላሉ። ከልባቸው ነው። ግን ሌላም ነገር አለ፤ ስመለስ የምገባበት ቤት፣ ሲደወል የሚነሳ ስልክ፣ «እንዴት ነሽ፣ ጤናሽስ?» የሚል ድምፅ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት። ይህ አልተነገረም። ተቀባዩ ደግሞ የተነገረውን ሰምቶ፣ ምንም አትፈልግም ብሎ ገንዘቡን ለሌላ አዋለው። አንድ ቀን ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ ቤቱ የለም፤ «ውለታ ቢስ» የሚለው ቃል ይመጣል፤ ያ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ አንድ ማዕድ አይቀርብም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ መጠበቋ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ላቧን እየሸጠች ጣሪያ መመኘት ምን ነውር አለው? ይልቅ በግልጽ ቢነገር ይሻል ነበር፤ ይህን ያህሉ ለእማዬ መድኃኒት ነው፣ እሱን አልጠይቅም፤ ይህን ያህሉ ግን የእኔ ነው፣ አስቀምጡልኝ። አማርኛችን ለዚህ ዓይነት ንግግር ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ቃል ጠፍቶት ግን አይደለም። «አደራ» የሚባል ቃል አለን፤ ስጦታም ብድርም ያልሆነ፣ ግን የሚጠየቁበት።

ሌላኛው የተምታታ ሒሳብ በስልክ ካሜራ የሚሰጠው ነው። ሰው ዘይትና ዱቄት ይዞ ደሳሳ ጎጆ ይገባል፣ አሮጊቷ ሲያለቅሱ ይቀረጻሉ፣ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ለትልቅ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ማሳየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ግን እዚህ ላይ የስሙን ዋጋ ማን ከፈለ ብላችሁ ጠይቁ። የአሮጊቷ ፊት ነው የከፈለው። ዘይቱ በወር ያልቃል፤ ቪዲዮው ግን ልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ እንዳለ ይኖራል።

የሚዘገይ መልስ

እስካሁን ሒሳብ መዘጋት ያለበት ነገር አስመስዬ አወራሁ። እናቴ ግን በዚህ አትስማማም።

ለጎረቤቷ ዳቦ ስትጋግር በሰሃን ትልካለች። ጎረቤቷም አንድ ቀን ቆሎ፣ አንድ ቀን ሽሮ አድርጋ ሰሃኑን ትመልሳለች። ለዓመታት የቆየ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ አዲስ የገባች ሴት ዳቦ ተላከላት። ሰሃኑ ሰዓት ሳይሞላው፣ ታጥቦ፣ ስኳር ተሞልቶ ተመለሰ። ጨዋነት ነው ብዬ አመሰገንኳት። እናቴ ግን ሰሃኑን እያየች «ምነው ተቻኮለች፣ ልትለየን ነው እንዴ?» አለች።

ያኔ አልገባኝም። ወዲያው የተመለሰ ውለታ የተመለሰ በር ነው። ከእናንተ ጋር ዕዳ መያዝ አልፈልግም፣ ነገ ልትመጡብኝ ምክንያት እንዲኖራችሁ አልፈልግም የሚል ድምፅ አለው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ሲጽፍ፣ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስቱም ግዴታ እንደሆኑ አሳይቷል። እናቴ በዚያ ላይ አራተኛ ትጨምርበታለች፤ መዘግየት። የሚጠበቅ ግን ያልተጠየቀ፣ የሚመለስ ግን ቀኑ ያልተቆረጠ። ለዚህ ዓይነቱ ተስፋ ስግብግብነት የሚለው ስም አይገጥመውም።

አዲሷ ሴት ኋላ ላይ ተግባባችን። ባለፈው ወጥ ቤት ገብቼ ትልቁን ሰሃን ፈልጌ አጣሁትና እናቴን ጠየቅኋት። ከመሶቡ ቀና ሳትል «እሷ ጋ ነው፣ ወር አለፈው» አለችኝ፤ ደስ ብሏት።